ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እስክንድር ቦጎሲያን ወሬ ሲነሣ ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ግማሹ ስለ ሰውየው ነው። ግማሹ ደግሞ "ኧረ ይኼ ሥዕል ምን እያለ ነው?" የሚል ነው። የምችለውን ያህል እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሥዕሎቹ ያሉባቸው ሙዚየሞች የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ ስትፈልጉ ይቀላችኋል።

እስክንድር ማን ነው? ባጭሩ።

በ1937 አዲስ አበባ የተወለደ፣ በ2003 ዋሽንግተን ዲሲ ያረፈ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ነው። ብዙ ሰው "ስኩንደር" ይለዋል። በ1963 የፓሪሱ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገዛ። ከዘመናዊ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ይኼ ዕድል የገጠመው የመጀመሪያው እሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ተከተለ። ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላውም።

ስሙ የአርመን ነው። ታዲያ ኢትዮጵያዊ ነው?

ነው እንጂ! እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። አባቱ ኮሎኔል ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። አያቱ አርመናዊ ነጋዴ ናቸው፤ ከአፄ ምኒልክ ጋር ይወዳጁ ነበር።

አንዳንድ ሰው "የአርባ ልጆች ዘር ነው" ይላል። አይደለም። አርባ ልጆች የሚባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው በ1924 ነው። ምኒልክ ካረፉ ያኔ ዐሥር ዓመት አልፏል። የእስክንድር ቤተሰብ ከዚያ በፊት አገር ለምዶ፣ ልጅ ወልዶ ነበር።

የልጅነቱ ዘመን ግን ቀላል አልነበረም። ጣልያን ሲገባ አባቱ ተይዘው ለዓመታት ታሰሩ። እስክንድር በአብዛኛው ያደገው አጎቱ ቤት ነው፤ እናቱን እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር።

ሥዕል የት ተማረ?

እንደ ብዙ የዘመኑ ልጆች መጀመሪያ ቄስ ትምህርት ቤት ነው የገባው። ግዕዝም እዚያ ቀመሰ። ቀጥሎ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት። በዚያን ጊዜ ለሥዕል ብቻ የተከፈተ ትምህርት ቤት አገሩ ውስጥ አልነበረም፤ አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የከፈቱት እሱ ከአገር ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የተማረው እንደ ነገሩ፣ ከሚያውቅ ሰው ጎን እየተቀመጠ ነው። አንዱ መምህሩ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። እኚህ ሰው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አብጠርጥረው ያጠኑ ተመራማሪ፣ በዚያ ላይ በውኃ ቀለም የሚሥሉ ናቸው። አንድ ታዳጊ ልጅ የራሱን አገር የብራና ሥዕል በቁም ነገር ከሚያይ ሰው ጋር መዋሉ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

የንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ሲከበር በተዘጋጀው የሥዕል ዐውደ ርእይ ሁለተኛ ወጣ። በ1955 የመንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ሄደ። ሴንት ማርቲንስ፣ ሴንትራል፣ ስሌድ የሚባሉትን ትምህርት ቤቶች አዳረሰ። ለንደን ግን አልያዘችውም። በ1957 ፓሪስ ገባ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆየ።

ፓሪስ ምን ሰጠችው?

ብዙ ነገር። ቦዛር በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ግራንድ ሾሚየር በሚባለው ስቱዲዮ መጀመሪያ ተማሪ፣ በኋላ አስተማሪ ሆነ። ትልቁ ትምህርት ግን ከክፍል ውጪ ነበር።

ፓሪስ በዚያን ጊዜ የጥቁር ምሁራን መናኸሪያ ናት። የኔግሪቲዩድ ሰዎች አሉ፤ "ጥቁርነታችን የምናፍርበት ሳይሆን የምንፈጥርበት ነው" ይላሉ። ሴኔጋላዊው የታሪክ ሊቅ ሼክ አንታ ዲዮፕ ጥንታዊት ግብፅ የአፍሪካ ናት ብሎ ይሟገታል። ደቡብ አፍሪካዊው ሠዓሊ ጄራርድ ሴኮቶ እዚያው ስደት ላይ ነው። ከሥዕሉ ዓለም ደግሞ ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም፣ ቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ፣ ያኔ በሕይወት ያልነበረው ስዊዘርላንዳዊው ፖል ክሌ ልቡን ገዙት። ላምን ልብ በሉ። ከአፍሪካ የመጡ የኩባ አማልክትን ከአውሮፓ ዘመናዊ ሥዕል ጋር ያለ ምንም ይሉኝታ የቀላቀለ ሰው ነው። እስክንድር የላምን ሥራ ሲያይ "እኔም ቤት እኮ እንዲህ ያለ ነገር አለ" ያለ ይመስለኛል። ይኼ የኔ ግምት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ሥዕሎች ስታዩ ግን ግምቱ ሩቅ አይሆንባችሁም።

የሥራዎቹን ርዕስ ተመልከቱ። "ጁጁ" የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ጁጁ የምዕራብ አፍሪካ ነገር ነው፤ አስማትም ክታብም ነው። ሞማ የገዛው የ1964 ሥራ "የጁጁ ሠርግ" ይባላል። የተቀደደና የተቆረጠ ካርቶን ላይ በቴምፕራና የብረት ብልጭታ ባለው ቀለም የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1963፣ "የዓለም ዕንቁላል ፍንዳታ" የሚል ሥዕል አለው። ዶጎን የሚባሉት የማሊ ሕዝቦች ፍጥረት ከዕንቁላል ወጣ የሚል ተረክ አላቸው። ያ የአዲስ አበባ ልጅ አፍሪካን ያገኛት ፓሪስ መሆኑ ትንሽ ያስቃል፤ ግን የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ የዚያ ትውልድ ታሪክ ነው።

"ያለ ዕቅድ፣ በስሜቱ ብቻ ነው የሚሥለው" ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው።

እውነት የሆነው ይኼ ነው። ሮቤርቶ ማታና ጓደኞቹ የሱሪያሊስት ልጆች ናቸው። የሱሪያሊስቶቹ ዘዴ እጅን ከአእምሮ ቀድሞ መልቀቅ ነው። ምን እንደምትሥል ሳታስብ መስመር ትለቃለህ፣ ቀለም ታፈስሳለህ። ከዚያ የወጣውን ታያለህ። እዚህ ጋ ክንፍ ይመስላል፤ እዚያ ጋ ዓይን። ያየኸውን ትከተላለህ። የእስክንድር የ60ዎቹ ሥዕሎች በዚህ መንገድ የበቀሉ ይመስላሉ። ወፉ የት አልቆ እባቡ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ፊት ነው ስትሉት ጎጆ ይሆናል። በእርሳስ ንድፍ ወጥቶ ቀለም የተሞላ ሥዕል እንዲህ አይሆንም። በዚያ ላይ የጃዝ ሰው ነው፤ ጃዝ ደግሞ ያንኑ እጅን መልቀቅ ያስተምራል።

እውነት ያልሆነው "ብቻ" የምትለዋ ናት። የቅኔ ቤት ተማሪን አስቡ። ቆሞ ይዘርፋል። ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግምም። የሚሰማው ሰው "ይኼ ከላይ የመጣለት ነው" ይላል። ከኋላው ግን ግስ የተገሠሠበት፣ በየዛፉ ሥር የተቆጠረበት ስንት ዓመት አለ። እስክንድርም እንደዚያ ነው። ለንደን ሁለት ዓመት፣ ፓሪስ ዘጠኝ ዓመት፣ ከዚያ በፊት የብራና ሥዕል። እጁ ሲለቀቅ ባዶ እጅ አልነበረም።

ይኼን በሥዕሎቹ ላይ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ እንደ ጭጋግ የተለቀቀ፣ የፈሰሰ ነው። ቀረብ ስትሉ ግን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ የተቀመጡ ነጠብጣቦች፣ ድር የመሰሉ መስመሮች፣ እንደ ላባ የተደረደሩ ጭረቶች አሉ። አንዱ ነጠብጣብ ከሌላው እኩል ርቀት ላይ። እንዲህ ያለው ሥራ ጥድፊያ አይወድም። መጀመሪያ ስሜት፣ ከዚያ ትዕግሥት። ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ሥዕል ያደረገው ግን ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

እነዚያ የሚያፈጡ ዓይኖችስ ምንድን ናቸው?

ክታብ አይታችሁ ከሆነ ታውቋቸዋላችሁ።

ላላያችሁ፦ ክታቡ ጠባብና ረጅም ብራና ነው። ርዝመቱ በሚጠበቀው ሰው ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲሸፍነው። ደብተራው ጸሎቱን በጥቁር ይጽፋል፤ የከበሩ ስሞችን በቀይ ያስገባል። የባለቤቱም ስም፣ የክርስትና ስሙ፣ ቦታው ላይ ይገባል። በጽሑፉ መሃል ሥዕል አለ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መሃሉ ላይ ፊት። በሳጥን የተከፋፈለ ሐረግ፣ በየሳጥኑ ዓይን። ይኼ ሥዕል ጠልሰም ይባላል። ዓይኑ ለጌጥ አልተሣለም፤ ሕመም ያመጣውን መንፈስ አፍጥጦ የሚያባርረው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ብራናው ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይታሠራል፤ ወይም ተዘርግቶ ከታማሚው ፊት ይሰቀላል።

እስክንድር ከዚህ ሦስት ነገር ወሰደ። አንደኛ ዓይኑን። ሁለተኛ ሳጥኑን፤ ብዙዎቹ ሥዕሎቹ በረድፍና በክፍል የተደራጁ ናቸው፣ እንደ ክታብ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ። ሦስተኛው ለኔ ትልቁ ነው፦ ሥዕል አንድ ነገር *ያደርጋል* የሚለውን ሐሳብ። አውሮፓ ውስጥ ሥዕል ይታያል። ክታብ ላይ ያለው ሥዕል ግን እሱ ራሱ ያያል። የእስክንድር ሥዕል ፊት ቆሞ "እየታየሁ ነው" የሚል ስሜት የማይሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክርስቲያን ነኝ። ጠልሰም ያለበት ሥዕል ቤቴ ብሰቅል ችግር አለው?

ጥያቄው ያስቃችሁ ይሆናል፤ ግን በእውነት ይጠየቃል። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለንስሐ አባታችሁ ልተውላችሁ። በሥዕሉ በኩል ግን መልሱ ግልጽ ነው። ክታብን ክታብ የሚያደርጉት የተጻፈው ጸሎት፣ የሰውየው ስምና ያዘጋጀው ደብተራ ናቸው። እስክንድር እነዚህን አልወሰደም። ቅርጹን ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጠው። በየቤቱ የተሰቀለው መሶብ የሚመስል የግድግዳ ጌጥ እንጀራ እንደማይቀርብበት ሁሉ እሱም ማንንም አያስርም፣ አይፈታም።

"የድንጋጤና የደስታ ሌሊት በረራ" ላይ ምን እያየሁ ነው?

ይኼ የ1964 ሥራ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው። አሜሪካ፣ ራሌይ ከተማ፣ የኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በዘይት ቀለም ሸራ ላይ ተሥሎ ሌላ ነገርም ተለጥፎበታል። ጎኑ ሁሉ ከአንድ ሜትር ከ40 በላይ ነው፤ ስልክ ላይ ያያችሁት እንዳያታልላችሁ።

ጨለማ ሰማይ አለ። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። ከዚያ በላይ "ይኼ እንትን ነው፣ ያ እንትን ነው" እያልኩ ብዘረዝርላችሁ የማበላሸው ነው የሚመስለኝ። ርዕሱ ራሱ ፍንጩን ሰጥቷል። ድንጋጤውና ደስታው ተራ በተራ አይመጡም፤ በአንድ ክንፍ ላይ ናቸው። ልጅ ሆናችሁ ማታ ማታ የጭራቅ ተረት ሰምታችሁ፣ ፈርታችሁ፣ "ድገሚልኝ" ብላችሁ ታውቁ የለ? እንግዲያው ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ርዕሱን ሳታነቡ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ርዕሱ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ተመልሶ ነበር? ለምን ቶሎ ሄደ?

በ1966 ተመለሰ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እስከ 1969 አስተማረ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተሸለመ።

ሦስት ዓመት አጭር ነው። ግን የተወው ነገር አላጠረም። በዚያን ጊዜ ለወጣት ሠዓሊ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስል ነበር፤ ወይ የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል መድገም፣ ወይ ፈረንጅ የሚሥለውን መሣል። እስክንድር ክታቡንም ፓሪስንም በአንድ ሸራ ላይ አምጥቶ አሳየ። ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ተማሪዎች ነገሩ ገባቸው። ዘሪሁን በኋላ ቀጫጭን የቀርከሃ ክፋዮችን ጎን ለጎን ደርድሮ መሣል ጀመረ፤ ሥራዎቹ ሲታዩ የክታብ ዘመድ ናቸው።

በዙሪያው ገጣሚዎችም ነበሩ። ሰሎሞን ዴሬሳ የቅርብ ወዳጁ ነው። ሥዕሉና ግጥሙ አብረው የተለወጡበት ዘመን ነበር።

ከዚያ አሜሪካ። ለምን ሄደ ለሚለው አንድ መልስ የለም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ውጭ የኖረ ሰው ነው፤ መሄዱ ሳይሆን ሦስት ዓመት መቀመጡ ነው ይበልጥ የሚገርመኝ።

እሱና ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ ማን ይበልጣል?

ይኼ ጥያቄ ቡና ላይ ተነሥቶ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ጨዋታ ያጣላል።

ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተማረ። በ1962 ማስተማር ጀመረ፤ የንጉሡን ሽልማት በ1965 አገኘ። ከጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ስሜትን በቀለምና በቅርጽ አጋኖ ከሚያወጣው የሥዕል ስልት፣ ነው የመጣው፤ በዚያ ላይ ገጣሚ ነው። "ጎልጎታ" የሚለውን ሥዕሉን ያየ ሰው ምን እንደተባለ ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ሐዘኑ ይመታል። እስክንድር አይመታም፣ ያባብላል። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይገባም። እኔ ስከፋ ገብረ ክርስቶስን፣ ስብሰለሰል እስክንድርን አያለሁ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለኝም። ሁለቱም ያረፉት አሜሪካ ነው፤ ገብረ ክርስቶስ በ1981፣ ኦክላሆማ።

አሜሪካ ምን ሠራ?

መጀመሪያ አትላንታ ቆየ። ከ70ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ግድም ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሥነ ጥበብ ክፍሉን ያኔ የሚመራው ጄፍ ዶናልድሰን፣ "ጥቁር ሰው ራሱን በራሱ ዓይን ይሣል" ከሚለው አፍሪኮብራ ከተባለው ቡድን መሥራቾች አንዱ ነበር። እንደ እስክንድር ላለ ሰው ከዚህ የተመቸ ቤት አይገኝም።

በእሱ እጅ ካለፉት ውስጥ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አለ። ወሰኔ ከአዲስ አበባ ሄዶ በ1980 ከሃዋርድ ማስተርሱን ያገኘ ሲሆን ፊደላችንን እየሰባበረ፣ እያስጨፈረ የሚሥል ነው። ከበደች ተክለአብም አለች። ሶማሊያ ውስጥ ለዓመታት እስር ቤት የቆየች፣ ከዚያ ወጥታ ሠዓሊና ገጣሚ ሆና የቀጠለች ሴት ናት። ሁለቱም እሱን አይመስሉም። ጥሩ መምህር እንዲህ ነው።

ያ ቡናማው ነገር ምንድን ነው? ቆዳ ነው?

ብዙ ሰው ቆዳ ይመስለዋል። የዛፍ ልጥ ነው።

ኡጋንዳ ውስጥ፣ ቡጋንዳ፣ ሙቱባ የሚባል የሾላ ዘመድ ዛፍ አለ። ልጡ ይላጣል። ዛፉ አይሞትም፤ ቁስሉ በሙዝ ቅጠል ይሸፈንለትና መልሶ ያበቅላል። የተላጠው በእንጨት መዶሻ ይቀጠቀጣል፣ ይቀጠቀጣል። እየሳሳ፣ እየሰፋ ይሄድና እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሸክላ ቀለም ይይዛል። ነገሥታትም ለብሰውታል፣ ሙታንም ይከፈኑበታል።

እስክንድር አሜሪካ ተቀምጦ ይኼን ልጥ አመጣ። ሸራ አድርጎ ብቻ አልተጠቀመበትም፤ አንዳንዱ ላይ ቅርጽ ከሥር እንዲያብጥ አድርጎ ሠራበት። የ1981ዱ "የጊዜ ዑደት 3" ከዚህ ዓይነት ነው። ብራሹ ከመንካቱ በፊት ልጡ ራሱ ሥዕል ነው፤ ስፌት አለው፣ ቀዳዳ አለው፣ የመዶሻው ምት አለው። ስለ "በስሜት መሣል" እናውራ ካልን ዋናው ማስረጃ እዚህ ይመስለኛል። ነጭ ሸራ ሁሉንም ነገር ይቀበላል። ልጥ ግን የራሱ ፈቃድ አለው። የሚሥለው ሰው መስማት አለበት።

"የመጀመሪያው መጨረሻ" አብዮቱን የተነበየ ነው ይባላል።

ሥዕሉ ከ1972 እስከ 73 የተሠራ ነው፤ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። አብዮቱ በ1974 ፈነዳ። ርዕሱንና ዓመቱን ጎን ለጎን አድርጎ "ተንብዮ ነበር" ማለት ደስ ይላል። እኔ አልቀበልም። አንድ ዘመን እያለቀ መሆኑን ለማወቅ በዚያን ጊዜ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ተማሪው መንገድ ላይ ነበር፣ ወሎ ተርቦ ነበር። ሠዓሊን ነቢይ ስናደርገው ዓይኑን እንነፍገዋለን።

ዋሽንግተን ኤምባሲው ግድግዳ ላይ ያለው የእሱ ነው?

አዎ፤ የእሱና የከበደች ተክለአብ። ለቪዛና ለፓስፖርት ወረፋ የጠበቀ ሁሉ አልፎበታል፤ ቀና ብሎ ያየው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። በ2001 የተሠራ የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው፤ ግራናይት ግድግዳ ላይ ተገጥሟል። ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ይደርሳል፤ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ክርስትናው፣ እስልምናው፣ ቤተ እስራኤሉ፣ ነባር እምነቶቹ፤ የሙዚቃ መሣሪያው፣ የቤት ዕቃው፣ ዕፅዋቱና እንስሳው ሁሉ በምልክት ገብተዋል። ለሚቀጥለው ጉዳያችሁ ስትሄዱ ሩብ ሰዓት ቀደም በሉ።

እስክንድር ይኼ በተሠራ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት 2003፣ አረፈ። በዚያው ወር ስሚዝሶኒያን ውስጥ የውጭ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር።

ሥራዎቹን የት ማየት እችላለሁ?

ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ፦ ዋሽንግተን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም፣ ራሌይ፣ ኒው ዮርክ ሞማ። ዋሽንግተኑ መግቢያው ነጻ ነው። ራሌይም ቋሚ ስብስቡ ነጻ ነው። ሞማ ያስከፍላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሙዚየም ያለውን ሁሉ ሁልጊዜ አይሰቅልም። ሥዕሉ መጋዘን ሊሆን ይችላል፤ ከመንገዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ኤምባሲው ግድግዳ ግን የትም አይሄድም።

የእስክንድር ሥዕል ነው ብለው ሊሸጡልኝ ነው። ልግዛ?

ቀስ በሉ። የታወቀ ስም ባለበት ሁሉ ማስመሰያ አለ። ዓይንና ነጠብጣብ ስላለበት ብቻ የእሱ አይሆንም፤ ከእሱ በኋላ ክታብ ክታብ የሚሸት ሥዕል የሠራው ብዙ ነው፣ ብዙውም በቅን ልብ የተሠራ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሥዕሉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ደረሰኝ፣ የቆየ ፎቶ፣ የዐውደ ርእይ መጽሔት። "ከአጎቴ የወረስኩት ነው" ወረቀት አይደለም።

እኔም ያለ ዕቅድ መሣል እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከመቅዳት ጀምሩ ብል ትቆጡኝ ይሆናል። ግን እሱን ነው የምለው። አንድ የክታብ ሥዕል ፈልጉና ቁጭ ብላችሁ ቅዱት። ዓይኑ እንዴት በሁለት ቅስት እንደተሠራ፣ ሐረጉ እንዴት እንደሚታጠፍ እጃችሁ ይልመደው። ደግሞ ሌላ። ከዚያ አንድ ቀን ባዶ ወረቀት ላይ ቀለም አፍስሱና እጃችሁን ልቀቁት። የሚወጣው ነገር ያስገርማችኋል። ያላስገረማችሁ እንደሆነ ደግሞ ጥቂት ቅዱ።

ሥራውን የመግዛት አቅም የለኝም። ምንም ነገር ማግኘት አልችልም?

አንድ መንገድ አለ። በ1977 የተባበሩት መንግሥታት ዘረኝነትን ስለ መታገል ቴምብር አውጥቶ ነበር። ቴምብሩ በወጣበት ቀን የሚታተመውን ልዩ ፖስታ ሥዕል የሠራው እስክንድር ነው፤ ይኼን ሥራ የተሰጠው የመጀመሪያው አፍሪካዊም እሱ ነው። ሥዕሉ ያለው ፖስታው ላይ ነው፣ ቴምብሩ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ባዶ ቴምብር እንዳይሸጡላችሁ። ቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ጠይቁ።